የእሜቴ ዘሀራ ስጋጃና የየሻረግ ጠርሙስ

የሻረግ ፊደል አልቆጠረችም፤ ወንበር ግን ታነብ ነበር። የመኪና መቀመጫ ተነቅሎ ፊቷ ሲቀርብ መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ቀጥላ ታሸተዋለች፣ ከዚያ በጣቷ ትዳብሰዋለች። «ይቺ ሙሽራ ናት፤ ቅቤዋ ገና ለጋ ነው» ትላለች። «ይኼ ደግሞ ከቆቦ በኩል የመጣ ነጋዴ ነው፤ ከረጢቱን አቅፎ ነው የተቀመጠው። ይኼኛው እንቅልፋም ነው፤ ለሐጩን እዩት።» የሚሰማት ሰው ይስቃል። ሾፌሩ ግን አይስቅም፤ ያሳፈራቸውን ሰዎች ያስታውሳልና እውነቷን መሆኑን ያውቃል።

በዚያን ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ አውቶቡስ ወልድያ አድሮ ወደ መቀሌ በሚያልፍበት ዘመን፣ የመኪና ወንበር ትልቁ ጠላት ቅቤ ነበር። ለክርስትናም ለሠርግም የሚሄድ ሰው ራሱን ሳይቀባ መንገድ አይጀምርም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አናት ስትመታ ቅቤው ይቀልጣል፣ ሰውየው ያንቀላፋል፣ የወንበሩ ጀርባ ይጠጣል። በላዩ የሐራ ሜዳ አቧራ ይነሰነስበታል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ያ ጨርቅ የነበረው ነገር እንደ ቁርበት ይሆናል።

ባሏ ካሳዬ ከአውቶቡስ ማቆሚያው በታች ባለው ጋራዥ መካኒክ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ የሚመስል፣ ነገር ግን አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ቤቱን ሁሉ የሚያስቅ ሰው ነው። የሻረግ ወደዚህ ሥራ የገባችው ለእሱ ምሳ ስታመላልስ ነው። አንድ ቀን ምሳውን ይዛ ስትደርስ አንድ ሾፌር የመኪናውን ወንበር በቤንዚንና በአሸዋ ሲፈትግ አገኘችው። ቆማ አየችውና፣ «ወንድሜ፣ እያጠብከው ነው ወይስ ቆዳውን እየገፈፍከው?» አለችው። ሾፌሩ ደክሞት ኖሮ ወንበሩን አንሥቶ፣ «እንኪ፣ ካወቅሽ አንቺ እጠቢው» ብሎ ሰጣት።

ቤቷ ወስዳ የምታውቀውን አደረገች። ውኃ አፈላች፣ የአመድ ውኃ ጨመረችበት፣ እንደ ጋቢ ረግጣ አጠበችው። ጋቢ ነጭ ስለሆነ ሁሉን ይችላል። የዚያ ወንበር ልብስ ግን ቀይና ነጭ ስለ ነበረ ቀዩ በነጩ ላይ ሄደበትና፣ ጠዋት ሲያዩት በግ የታረደበት መሰለ። የሻረግ አለቀሰች። ካሳዬ አልተቆጣትም። ከጋራዡ ጥሩ ሸራ ፈልጎ በእጁ ሰፍቶ አለበሰውና ለሾፌሩ ሲያስረክበው፣ «ሚስቴ ወንበርህን አርዳዋለች፤ ይኼ ምትኩ ነው» አለው። ሾፌሩም ሳቀና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሻረግ ለራሷ ሕግ አወጣች። ምንም ነገር ይዛ ወደ ምንም ጨርቅ ከመቅረቧ በፊት፣ ሰው በማያየው ጥግ፣ ከሥር በኩል፣ በነጭ ጨርቅ ጠብ አድርጋ ትፈትናለች። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ያ ነገር ለዚያ ልብስ አይሆንም። ነጩ ነጭ እንደ ሆነ ከቀረ ይሆናል። ይህን ሳታደርግ ጳጳስ ወንበር ቢልክላት እጇን አታነሣም ነበር። ሕጉ መልካም ሕግ ነበር። ኋላ ጉድ ያመጣባትም ይኸው ሕግ ነው።

እያደር ስሟ ወጣ። ከመቀሌ መጥቶ ወልድያ ላይ ሱቅ የከፈተው ሃብተሥላሴ አዲስ ሳሙና ባመጣ ቁጥር መጀመሪያ ያስጠራታል። «ነይማ የሻረግ፣ ይኼን እይልኝ» ይላታል። እሷም ታሸተዋለች፣ በጣቶቿ መካከል ታሸዋለች፣ አንዳንዴም በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች። የዱቄት ሳሙና ሲመጣ የከተማው ሴት ሁሉ በአረፋው ተደንቆ ነበር። የሻረግ ግን ለወንበርና ለምንጣፍ አልወደደችውም። አረፋው ያምራል፣ ግን በደንብ ካልታጠበ ከጨርቁ ውስጥ ይቀርና ይጣበቃል፤ በሳምንቱ አቧራውን ሁሉ ጠርቶ ያመጣዋል። «ይኼ እንግዳ ጋባዥ ነው» አለችው። ሃብተሥላሴ ከዚያ በኋላ ለደንበኞቹ፣ ለልብስ ጥሩ ነው፣ ለምንጣፍ ግን እንግዳ ይጋብዛል እያለ ይሸጠው ጀመር።

ቤንዚንን እንደ ክፉ ጎረቤት ነበር የምታየው። ቅቤውን ያወጣል፤ በዙሪያው ግን ቢጫ ቀለበት ትቶ ይሄዳል፣ ተሳፋሪውንም ራስ ያዞራል፣ ሲጋራ የሚለኩስ ካለማ ጉድ ነው። ነጭ ጋዝ ሽታው ከወንበሩ ጋር ያረጃል። እንዶድ ቀለም አይነካም፣ አያቃጥልም፤ ግን በተወቀጠ ዕለት ካልሠሩበት ጉልበቱ ያልቃል፣ የወቀጠችውንም ሲያስነጥሳት ይውላል። የብረት ዝገት በሎሚ ይለቃል። ገና ያልደረቀ ቅቤ ከሆነ የሽንብራ ዱቄት ነስንሰው ቢያሳድሩት ዱቄቱ ራሱ ይጠጣዋል። የከረመው፣ ከጨርቁ ጋር የተጋባው ቅቤ ነው ብዙ ዘመን ያሸነፋት።

እሱንም አንድ የሚካኤል ዕለት በአጋጣሚ አገኘችው። ጎረቤቷ ወርቅነሽ አረቄ ታወጣ ነበር። በበዓሉ ካሳዬ ለጥገና ያመጣውን የመኪና ወንበር ለእንግዳ መቀመጫ አድርገውት ሳለ፣ አንዱ እንግዳ የአረቄ መለኪያውን ደፋበት። በማግስቱ የሻረግ ወንበሩን ስታነሣ፣ አረቄው የነካው ቦታ ልክ እንደ አዲስ ጨርቅ ፍክት ብሎ ነበር። ወደ ወርቅነሽ ሄዳ ዳግም የወጣውን፣ ጉሮሮ የሚልጠውን ለመነቻት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰማያዊ ጠርሙስ አድርጋ፣ አፉን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፋ ታስቀምጠው ጀመር። ሰው ሁሉ የየሻረግ ውኃ ይለዋል እንጂ ምን እንደ ሆነ ብዙዎች አያውቁም። ካሳዬ ግን ያውቃልና፣ «የሌላው ሰው ሚስት ባሏን ታጠጣለች፤ የእኔዋ ወንበር ታጠጣለች» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሠራች። የወልድያ ሹማምንት የሳሎን ምንጣፋቸውን ይልኩላታል። ከመርሳና ከሐብሩ የሚመጡ ነጋዴዎች ደግሞ መኪናቸው ካሳዬ ዘንድ ሲጠገን ወንበሩ እሷ ዘንድ ይታጠባል። ከእነዚህ ሁሉ ለባልና ሚስቱ የሚቀርበው የመርሳው አብዱሰመድ ነበር። ከካሳዬ ጋር ከወጣትነት ጀምሮ ተዋውቀዋል። አረብ አገር ድረስ የሚሄድ እህል ይነግዳል፣ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር አለችው፣ እሷንም እንደ ልጁ ይወዳታል። ላንድሮቨሯ ግን አንድ አመል ነበራት። ሲሪንቃ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ስትደርስ ወደ ቦዩ ትጎትተዋለች። ካሳዬ ደጋግሞ ፈትሾ ምንም አላገኘባትም።

አንድ ኅዳር ይኸው አብዱሰመድ ወልድያ መጣና አንድ ትልቅ ጥቅል ከመኪናው አውርዶ የሻረግ ግቢ አስቀመጠ። ፊቱ ልክ አልነበረም። የታላቋን ልጁን ኒካሕ ሊያስር ነው። ለሠርጉ የቤቱን ቆርቆሮ ሲያስለውጥ ዕቃው እንዳይቆሽሽ ብሎ ስጋጃውን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አኖረው። ከመቀመጫው ኋላ የተቀመጠው የመኪና ግራሶ ጣሳ ተገልብጦ ኖሮ ጥቁሩ ግራሶ ስጋጃው ላይ ፈሰሰ። ስጋጃው ደግሞ አባቱ ሐጅ ሄደው ሲመለሱ ተሸክመውት የመጡት ነው። አባቱ ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«እታለም፣ ኒካሑ የሚታሰረው በዚህ ላይ ነው» አላት። «እናቴ ከዚህ ሌላ አይነጠፍም ብለዋል። ግራሶ እንደ ነካው አይተዋል፤ አልተቆጡኝም፣ ዝም ነው ያሉኝ። ዝምታቸውን አልቻልኩትም።»

የሻረግ እንዳያስብ ነግራ፣ እስከ ሠርጉ ይደርሳል ብላ ሸኘችው። አብዱሰመድ የሄደው ልቡን እሷ ዘንድ ጥሎ ነው።

ጥቅሉን ከግቢዋ ጥላ ሥር አደረገችው። ጫፉን ገለጠችና ሱፉን ዳበሰች። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ደግ ሱፍ ነው፤ ቀይ መደብ ላይ ሰማያዊ አበባ አለበት። ቀይ ሲባል ያ በግ የታረደበት የመሰለው ወንበር ትዝ አላት። ስለዚህ እንደ ሕጓ የመጨረሻውን ጥግ ገልብጣ፣ ሰማያዊውን ጠርሙስ አንሥታ፣ ነጩን ጨርቅ ነክራ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ጠበቀች፤ ጨርቁን አየች። ነጭ ነው፤ ቀለሙ አለቀቀም። ደስ አላት። ግራሶውን ለማየት ስጋጃውን ሙሉ በሙሉ ዘረጋችው።

ያን ጊዜ ነው ያነበበችው።

ግራሶው በአንድ በኩል እንደ ሰው መዳፍ ተንሰራፍቷል። እሷ ግን ዓይኗ የሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው። እዚያው ጥግ አጠገብ፣ ጠብ ካደረገችበት አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ፣ ሱፉ በሁለት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ሳስቷል፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ጎን ለጎን። ከፊታቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ፣ እንደ እንቁላል የምታህል የለዘበች ቦታ አለች። የሻረግ ተንበርክካ እጇን አስቀመጠችበት። ሁለቱ የጉልበት ናቸው። ያቺ ትንሿ የግንባር ናት። ጉልበቶቹ ቀጭን ናቸው፤ የአሮጊት ጉልበት ነው። ዘወትር እዚያው ቦታ፣ ያለ ማዛነፍ።

እጇ ውስጥ የያዘችውን ጠርሙስ አየችው። አረቄ ነው። ሶላት በሚሰገድበት ስጋጃ ላይ አረቄ አሳርፋለች።

ካሳዬ ማምሻውን ከጋራዥ ሲገባ ስጋጃው ተዘርግቶ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ አገኛት። እንደ ልማዱ ከደጃፉ ቁጢጥ ብሎ የግራሶ እጁን በከረመ ቅቤና በአመድ እያሸ ነገሩን ሰማ። ነገሩ ቀላል መሰለው። አረቄ በኗል፣ ጠብታ ነው፣ ጥግ ነው፣ ከሥር ነው፤ በውኃ ደጋግማ ትጠበውና ትመልሰው፤ ማን ያውቃል? እሷ፣ እኔ አውቃለሁ አለችው። እሱም አልተናደደባትም። ብትናገር ግን ምን እንደሚመጣ አንድ በአንድ ነገራት። የመርሳና የሐብሩ ሰው ይህን ከሰማ ሁለተኛ ወንበር አያመጣላትም፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን አብዱሰመድ ነው። በልጁ ኒካሕ ዋዜማ አረቄ የነካው ስጋጃ ቢባል ከወጣትነት የመጣው ወዳጅነት እዚያው ይቀራል። ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። አብዱሰመድን ይወደዋል።

የሻረግ እሱም እውነቱን እንደ ሆነ ታውቅ ነበር። ብትናገር ወዳጅ ታጣለች፣ ስም ታጣለች። ባትናገር ደግሞ ያቺ አሮጊት እዚያ ላይ ግንባራቸውን በደፉ ቁጥር እሷ ታስታውሰዋለች።

«ጉልበታቸውን አይቻለሁ፣ ካሳዬ» አለችው በመጨረሻ። «ባላየው ኖሮ እንዳልከው አደርግ ነበር።»

ካሳዬ እጁን ጠርጎ ስጋጃውን እየጠቀለለ፣ ጠዋት ወደ መርሳ የሚወርድ የእህል መኪና እንደሚፈልግላት ነገራት።

በማግስቱ ስጋጃውን ከእህል መኪናው ላይ አስጭና፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ወረደች። ሲሪንቃን ሲያልፉ ማሽላው ታጭዶ ነበር። ሾፌሩ እያንጎራጎረ ይነዳል። እሷ በልቧ የምትናገረውን ታሰናዳለች፤ ታሰናዳና መልሳ ትጥለዋለች።

የአብዱሰመድ ቤት አዲስ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። ግቢው በሴት ተሞልቶ፣ ገሚሱ ይፈጫል፣ ገሚሱ ሽንኩርት ይልጣል። እናቱ እሜቴ ዘሀራ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ስንዴ ይለቅማሉ። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ናቸው። አብዱሰመድ ሐራ ገበያ ለሠርጉ ፍየል ሊገዛ ሄዷል።

የሻረግ ከመቀመጧ በፊት ተናገረች፤ ብትቀመጥ ድፍረቱ ይከዳኛል ብላ።

«እሜቴ፣ ስጋጃዎን ሳላጥበው ይዤው መጣሁ። አበላሽቼዋለሁ። ጥጉን በአረቄ ነክቼዋለሁ። ቀለሙ ይለቅ እንደ ሆነ ለመሞከር ነው፤ የሚሰገድበት መሆኑን ያየሁት ከነካሁት በኋላ ነው።»

የአሮጊቷ ጣቶች ስንዴው ውስጥ ቆሙ። በአጠገባቸው ሽንኩርት የምትልጠውም ሴት ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ።

የሻረግ ዘርግታ አሳየቻቸው። እሜቴ ዘሀራ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ቀና ብለውም፣ «ምንም አይሸትም» አሉ።

«ይበናል፣ እሜቴ። ሽታው ቶሎ ነው የሚጠፋ። መንካቱን ግን ነክቼዋለሁ።»

«ባትነግሪኝ አላውቅም ነበራ።»

«አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ምን አናገረሽ፣ ልጄ?»

የሻረግ ጎንበስ ብላ ስጋጃውን ነካች። «ጉልበትዎን አየሁታ» አለች፤ በጣቷም ሁለቱን የሳሱ ቦታዎች፣ ከዚያም ያቺን ትንሿን አሳየቻቸው።

አሮጊቷ ያዩት ያን ጊዜ ይመስላል። ያን ሁሉ ዓመት ሲቆሙበት ሲንበረከኩበት፣ ሱፉ እንደ ሳሳ ልብ አላሉትም። እጃቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰደዱ፤ ቆየት ብለው ወደ ስጋጃው። «ሐጂ በሕይወት ሳሉ እዚህ በኩል ይቆሙ ነበር፤ እኔ ከኋላቸው» አሉ። «ከሞቱ ጀምሮ እሳቸው ቦታ ላይ ነኝ። አሁን የእኔም የእሳቸውም ሆኗል ማለት ነው።» ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አኖሩት። 

«ውኃ ለምን የተፈጠረ ይመስልሻል?» አሏት። «በይ ነይ፣ ወንዙ ቅርብ ነው። ወራጅ ውኃ ያላነጻውን ማን ያነጻዋል? ግራሶውስ፣ አልለቀቀም?»

የሻረግ ግራሶውን አልነካሁትም አለች። ለእንደዚህ ያለው የምታውቀው መድኃኒት ያ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ቤንዚን ቀዩን ያበላሸዋል፣ እንዶድ ብቻውን ግራሶ አይፈታም።

እሜቴ ዘሀራ ቆመው ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «ባልሽ መካኒክ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ነው፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ማታ ማታ እጁን በምን ይታጠባል?»

የካሳዬ የግራሶ እጅ ለየሻረግ ድቅን አለባት። በከረመ ቅቤ ነው የሚታጠበው። በየማታው፣ ከተጋቡ ጀምሮ፣ ከደጃፏ ቁጢጥ ብሎ። ቅቤው ግራሶውን ያላውሰዋል፣ አመዱ ጠራርጎ ያወጣዋል። ዕድሜ ልኳን ቅቤን ከወንበር ስታሳድድ ኖራ፣ ቅቤ የሚያሳድደው ነገር እንዳለ ከዓይኗ ፊት ሆኖ አልታያትም። መጀመሪያ የሣቀችው ሽንኩርት ላጯ ናት፤ ቀጥላ አሮጊቷ፤ የሻረግ ስትስቅ ግን እንባዋ አብሮ መጣ።

ስጋጃውን አራት ሴቶች ተሸክመው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሙሽራዋ ልከተል ብትል እሜቴ ከለከሏት፤ ሙሽራ የራሷን ስጋጃ አታጥብም አሉ። ውኃው ከክረምቱ ጎርፍ በኋላ ጠርቶ፣ ከታች ያለው ጠጠር ይታያል። የሻረግ መጀመሪያ ቅቤውን በሌላኛው ጥግ ፈተነችው። እሜቴ አይተዋት ይህኛው ተፈቅዶልሻል አሏት። ነጩ ጨርቅ ቀለም አልያዘም። ከዚያ የከረመውን ቅቤ በግራሶው ላይ አድርጋ በጣቷ ጫፍ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ እንዳይስፋፋ እየጠበቀች አላወሰችው። ጥቁሩ ከሱፉ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ሴቶቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው አዩት። አመድ ግን አልጨመረችም፤ አመድ ለካሳዬ እጅ እንጂ ለቀይ ሱፍ አይሆንም። በአመዱ ፋንታ የሽንብራ ዱቄት ነሰነሰች። ዱቄቱ ጠጥቶ ጠቆረ፤ በእንጨት ፋቀችው፤ ደግማ ነሰነሰች። በመጨረሻ የዕለቱን እንዶድ ወቅጠው አረፋውን አፈሰሱበትና፣ እያስነጠሱ፣ የሙሽራ ዘፈን እየዘፈኑ አጠቡት።

አንዱን ቦታ ብቻ አጥቦ መተው አይቻልም፤ የጸዳው ቦታ ያልጸዳውን ያጋልጠዋል። ስለዚህ ስጋጃውን በሙሉ አጠቡት። አረቄ የነካውን ጥግ ግን እሜቴ ዘሀራ ለማንም አልሰጡም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በቀጭን እግራቸው ውኃው ውስጥ ገብተው፣ ጥጉን ወራጁ ላይ ያዙት። ቢስሚላህ ብለው አስነከሩት፤ አወጡት፤ ደገሙት። የሻረግ እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ውኃው የሁለቱንም እግር እየላሰ ያልፋል።

አብዱሰመድ የደረሰው ስጋጃው ትኩስ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ነው። ፍየሎቹን ከመኪናው ጭኖ ከሐራ ሲመለስ የሴቶቹን ዘፈን ሰምቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ስጋጃውን አየ፤ ግራሶው የለም። በሐሤት ሊናገር ሲል የየሻረግን ፊት አየና ተወው። እሜቴ ሊናገሩላት ነበር፤ እሷ ግን እኔው ልንገረው ብላ ሁሉንም ነገረችው፤ ጠርሙሱን፣ ጥጉን፣ ያነበበችውን።

አብዱሰመድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደ እናቱ አየ፤ እናቱ እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ነው። ሴቶቹ ዘፈናቸውን አቁመዋል። የሻረግ ካሳዬ ያላትን እያሰበች፣ ከዚህ አንደበት የሚወጣውን ቃል ትጠብቃለች።

«የመኪናዬ ወንበርስ?» አላት። «በየዓመቱ ስታጥቢው የኖርሽው በምንድን ነው?»

የሻረግ መሬት መሬት አየች። ይህን አላሰበችውም ነበር። «በዚያው ነው» አለች።

አብዱሰመድ ዘወር ብሎ ከዳገቱ ላይ የቆመችውን ላንድሮቨር ብዙ ጊዜ ተመለከታት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ የመሰላቸው ነበሩ።

«ለካ!» አለ። «ሲሪንቃ ስትደርስ ወደ ቦይ የምትጎትተኝ ለካ ሰክራ ኖሯል። እኔ እኮ ካሳዬን ነው ስረግም የኖርኩት።»

ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ። እሜቴ ዘሀራ እንኳ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። አብዱሰመድ ዓይኑን እየጠረገ፣ ከኒካሑ በኋላ መኪናዋን እንደ ኃጢአተኛ ሰው ተውበት እንድታስገባለት፣ ወንበሯን በዚያው በቅቤና በእንዶድ እንድታጥብለት የሻረግን አስማላት። እሷም ማለች። ሥራ አልቀረባትም፤ ወዳጅም አልቀረባት። እየሳቀችም ካጠቡት ስጋጃ አጠገብ ቁጭ አለች።

ስጋጃው ተገላብጦ ደርቆ ለኒካሑ ደረሰ። በዕለቱ የሻረግ ካሳዬን ይዛው መጥታ ከሴቶቹ ጋር በበሩ በኩል ቆማ አየችው። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ አብዱሰመድ ልጁን ሲድር ከሙሽራው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዟል። ግራሶው የነበረበት ቦታ ለማያውቅ ሰው አይታይም፤ ለእሷ ግን ቀለል ያለ ጥላ ይታያታል፤ እሷ እዚያ ላይ ምን እንደነበረ ታውቃለች። የጉልበቱ ቦታ ግን ባዶ ነበር። ማንም ሳያዝዛቸው፣ ወንዶቹ ያንን ጥግ ለእሜቴ ትተውት ዘወር ብለው ነበር የተቀመጡት።

የሻረግ ከዚያ ወዲህ ሕጓን አልጣለችም፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀደመችለት። ምንጣፍ ሲመጣላት ከጥጉ አትጀምርም። መጀመሪያ ሙሉውን ዘርግታ፣ ዙሪያውን ዞራ፣ ማን እንደ ቆመበትና ማን እንደ ተንበረከከበት አንብባ፣ ከዚያ ነው የሚሆነውን የምትመርጥ። ሰማያዊው ጠርሙስ ለወንበር ብቻ ሆነ። ከሐብሩ በኩል የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ሳይጠይቃት በምን እንደምታጥበው ትነግረዋለች። ታሪኩን ቀድሞ የሰማ ሰው እንኳ ከእሷ አፍ ሊሰማው ብሎ ደግሞ ይጠይቃታል።

ላንድሮቨሯም ተውበት ገባች። የሻረግ ወንበሮቿን ነቅላ በቅቤ፣ በሽንብራ ዱቄትና በእንዶድ አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ መለሰችላት። አብዱሰመድ እናቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ የሻረግንና ካሳዬን ከኋላ ጭኖ ለሙከራ ወደ ወልድያ ነዳት። ሲሪንቃ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ሲደርሱ መኪናዋ እንደ ለመደችው ወደ ቦዩ ሄደች። አብዱሰመድ መሪውን እየታገለ አወጣትና መንገድ ዳር አቆማት። ካሳዬ አልሳቀም፤ የሻረግ ሣቋን ዋጠች።

እሜቴ ዘሀራ መንገዱን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ «የሻረግ፣ ልጄ» አሉ፣ «እንግዲህ የቀረሽ ነጂውን ማጠብ ነው።»